በማን ስንቅ አበብን?

በአፍሪካ ብዙ ዐይነት የዱር ግላዲዮለስ ይበቅላል። ስሙ በላቲን «ትንሽ ሰይፍ» ማለት ሲሆን የወጣለትም በቅጠሉ ቅርጽ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ ይገኛል፤ አበባው ነጭ፣ መካከሉ ጥቁር ሐምራዊ፣ መዓዛውም በምሽት የሚያይል ነው።

እኛ አበባውን እናደንቃለን፤ ከአፈር በታች ያለውን ግን አንጠይቅም። በዚያ የሽንኩርት ራስ የመሰለ፣ ውስጡ ግን ድፍን የሆነ የስንቅ ማኖሪያ አለ። የዘንድሮው አበባ የሚከፈተው አምና በተጠራቀመው ስንቅ ነው። አሮጌው ራስ ያለውን ሰጥቶ ይጨማደዳል፤ በላዩም ለከርሞ የሚሆን አዲስ ራስ ይተካል።

እንግዲህ ጉልበታቸውን ለእኛ የጨረሱ አረጋውያንም ተራቸው አልፏልና ይረሱ እንበልን? አንልም። አዲሱ ራስ በማን ላይ እንደ ቆመ አያውቅም፤ ሊያመሰግንም አይችልም። እኛ ግን እናውቃለን። የተቀበልነውን ለልጆቻችን ማስተላለፍ ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን ይህንንስ ተክልም ያደርገዋል። ዞር ብሎ የደከመውን መደገፍ የሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ በቤታችን ጥግ የተቀመጡትን አረጋውያን ስናይ «ከእንግዲህ ምን ይጠቅሙናል?» ከማለት ይልቅ «በማን ስንቅ አበብን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።