ማደስ፣ ማሻሻልና አደራ

አሮጌ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ዕቃውን እንዳለ አስቀምጦ እንደ ቅርስ ማምለክ ነው፤ ሁለተኛው የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ጭኖበት የቀድሞ ማንነቱን ማጥፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። የሚጠብበውም የእጅ ሙያ ስለሚያንስ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ዕቃ የተሠራው ማንን ሊያገለግል ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ስለሚታለፍ ነው። ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ይህንንም እንደ ሸክላ ማጫወቻ አጉልቶ የሚያሳይ የቤት ዕቃ ጥቂት ነው።

ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስመ ጥር ከነበሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ በአስተላላፊ ጎማ የሚዞሩ ነበሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው። የሞተሩ ዘንግ ጠርዟ ጎማ የሆነች ትንሽ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሯም ሸክላው የሚቀመጥበትን ሰሃን ከውስጥ ጠርዙ ወይም ከሥሩ ተጭና ታዞረዋለች። የእንግሊዙ ጋራርድ በ1954 ያወጣው 301፣ ቺንጋና ጎማ አጣምሮ በ1957 የወጣው የስዊዘርላንዱ ቶረንስ ቲዲ 124፣ እንዲሁም ሌላው የስዊዘርላንድ ሥራ ሌንኮ ኤል 75 የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሞተሩ ጉልበት በጎማዋ በኩል ለሰሃኑ ስለሚደርስ አዟዟራቸው ብርቱ ነው። ነገር ግን የሞተሩ ንዝረትም በዚያችው ጎማ ተሻግሮ መርፌው ዘንድ ይደርስና እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ብርታታቸውና ነውራቸው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል ማለት ነው። በኋላ የመጡት ባለ ቺንጋና በቀጥታ በሞተር የሚዞሩት ማጫወቻዎች ከገበያ አስወጧቸው፤ ሆኖም በልዩ ልዩ አገር በየቤቱ እየፈቱ የሚያድሷቸውና የሚያሻሽሏቸው ሰዎች ዛሬም አሉ።

እንዲህ ያለ ማጫወቻ ጂቡቲ ከተማ ውስጥ ቢገኝ አዳሹ በመጀመሪያ የሚታገለው ከአየሩ ጋር ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኸምሲን የሚባለው ነፋስ ደቃቅ አቧራ ይነዛል፤ የባሕሩ ጨው ብረት ይበላል። በዚህ መካከል ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የኩሽኔታው ግራሶ እንደ ሰም ይጋገራል። የኤሌክትሪክ መገናኛዎች ይዝጋሉ። ማጫወቻው ጎማዋ በዘንጉ ላይ እንደተጫነች ለዓመታት ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ፣ የተጫነችበት ቦታ ይጎደጉድና በዞረች ቁጥር «ዱክ፣ ዱክ» ትላለች። ስለዚህ ጎማዋን ማስለወጥ፣ ኩሽኔታውን አጥቦ አዲስ ዘይት መስጠት፣ ዝገቱን መጥረግ የግድ ነው። ይህን ማንም ማጭበርበር አይለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራቱ ነው። ጂቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ኃይል ታገኛለች፤ በብዛትም ከወንዞች ውኃ የመነጨ ኃይል ነው። የእነዚህን ማጫወቻዎች ፍጥነት በዋነኛነት የሚወስነው ደግሞ የሚመጣላቸው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። በሁለቱም አገር ቁጥሩ 50 ነው፤ በአሜሪካ ግን 60 ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማጫወቻ ቮልቴጁ ተስተካክሎለት ጂቡቲ ላይ ቢሰካ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር የሚገባው ሰሃን ወደ 28 ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፤ የሴቷ ድምፅ ወፍሮ የወንድ ይመስላል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ሄዶ በሞተሩ ዘንግ ላይ የምትቀመጠውን ፑሌጃ በአንድ አምስተኛ አስፍቶ ማሠራት ነው። አዲሷ ፑሌጃ ከፋብሪካው አልወጣችም፤ ዕቃው ሲሠራም አልነበረችም። ነገር ግን እርሷ ባትገባ ዘፋኟ የራሷን ድምፅ ታጣለች። ታዲያ ይህ ማደስ ነው ወይስ መለወጥ?

ይህን ለመመለስ አንድን ነገር ያው ራሱ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ፕሉታርክ የተባለው ጥንታዊ ጸሐፊ አቴናውያን ሳንቃዎቹን እየለወጡ ስላቆዩት የቴሴውስ መርከብ ጽፏል፤ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው፣ አይደለም እያሉ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የመሰንቆ ጭራ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ባለቤቱን ግን «አዲስ መሰንቆ ገዛህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸው ተነሥቶ ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ምእመኑ ግን ደብሩን በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል፣ ታቦቱን በዚያው ቀን ያነግሣል። የነገሩን ማንነት የሚያጸናው የአካሉ አለመለወጥ ሳይሆን የአገልግሎቱ አለመቋረጥ ነው። የሰፋችው ፑሌጃም በዚህ ሚዛን ስትመዘን ታማኝ ናት፤ ማጫወቻው የተሠራለትን ሥራ መልሳ ሰጥታዋለችና።

ሆኖም ሚዛኑ በሁለት አቅጣጫ ይቆርጣል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ብሎን እንኳ አይነካብኝ ይላል። በብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ላይ የነበረው የጥንቱ የመርፌ ራስ ግን ሸክላው ላይ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ክብደት ይጥል ነበር፤ የኋለኞቹ በ2 ግራም ገደማ ይሠራሉ። ከባዱን መርፌ «ጥንታዊነቱ እንዳይጎድል» ብሎ የሚያቆይ ሰው በተጫወተ ቁጥር የሸክላውን ቦይ እየፋቀ ነው። ዕቃውን አክብሮ ዕቃው ሊያገለግለው የተሠራለትን ነገር ይበላል። ጥርሱ ላለቀበት መቁረጫ ሲሉ ጨርቁን እንደ መቅደድ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው አሻሻይ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ንዝረቱን የሚውጥ ከባድ የእንጨት መቀመጫ ማሠራቱ መልካም ነው፤ ማጉረምረሙን ይቀንሳል። መርፌውን የሚሸከመውን ክንድ መለወጡም ሊጠቅም ይችላል። ግን እንበል፣ ይህ ሰው ጎማዋን ጨርሶ አውጥቶ በቺንጋ ተካት፣ አዲስ ሞተር ገጠመለት፣ ለ33 እና ለ45 ዙር ብቻ አስተካከለው፤ «78 ማን ይሰማል?» ብሎም ተወው። ማጉረምረሙ ጠፋ፤ የመለኪያው ቁጥር አማረ። «እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

78ን ማን ይሰማል? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን መስማት የሚፈልግ ሰው ይሰማል። ተሰማ በ1908 ዓፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው ሰው ናቸው፤ በዚያ ቆይታቸው ያስቀረጿቸው ዘፈኖችም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻዎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እንደሆኑ ይታመናል። በዚያ ዘመን 78 ዙር ገና አንድ ወጥ ሕግ አልሆነም ነበር፤ አንዱ ሸክላ ከዚያ አንሶ፣ ሌላው በልጦ ይቀረጽ ነበር። ቦዩም ሰፊ በመሆኑ ከኋለኞቹ መርፌዎች ጫፉ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚሰፋ መርፌ ይፈልጋል። በሾጣጣ ዘንጉ ላይ ጎማዋን ወዲያና ወዲህ በማንሸራተት ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሌንኮ ለእንዲህ ያለው ሸክላ የተፈጠረ ይመስላል። በማሻሻል ስም ይህን ችሎታ ያሳጣው ሰው አንድ ማርሽ ብቻ አልቀነሰም፤ አንድ ዘመን ዘግቷል። መካኒክነት ሊማሩ የሄዱትን ሰው ድምፅ መካኒክ አፈነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም።

አደራው የሚከብደው ሸክላው ራሱ ምትክ ስለሌለው ነው። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 በአምሃ ሬከርድስ ስም ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አሳትመዋል። ከአብዮቱ በኋላ ያ ሥራ ተቋረጠ፤ የቀሩት ሸክላዎች በየሳሎኑ፣ በየሻንጣው፣ በየስደቱ ተበተኑ። ዛሬ በአንድ ቤት ያለው ቅጂ ለዚያ ቤተሰብ ምናልባት የመጨረሻው ነው። በጂቡቲ ደግሞ ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። ከነጻነት በኋላ የነበሩት ቡድኖች ሥራ በአብዛኛው የተቀመጠው በአገሪቱ ራዲዮ መዝገብ ቤት በቴፕ ነው። ኦስቲናቶ የተባለ የውጭ አሳታሚ በ2020 የራዲዮውን ቡድን የ‹ግሩፕ አርቴዴ›ን አዲስ ቀረጻ፣ በ2021 ደግሞ ‹ካትር ማርስ› የተባለውን ቡድን የቆዩ ዘፈኖች ከመዝገብ ቤቱ አውጥቶ በሸክላ አሳተመ። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሚታደስ ማጫወቻ የአያትን ዘመን ብቻ የሚያስተናግድ አይደለም፤ ዛሬም አዲስ እንግዳ ሊመጣበት ይችላል።

«ንብረቴ ነው፤ እንዳሻኝ ባደርገው ማን ይከለክለኛል?» የሚል ይኖራል። ሕግ አይከለክለውም። ነገር ግን የርሱ የሆነው ብረቱና እንጨቱ ነው፤ በቦዩ ውስጥ ያለውን ድምፅ አልፈጠረውም፣ ቢያጠፋውም አይተካውም። ሰው ሊተካው የማይችለውን ነገር ሲይዝ ባለቤትም ቢሆን ባለአደራ ነው።

ከዚህ የሚጠነክር ሌላ ሙግት አለ። አንዲት እናት ባለቤታቸው ያጫውቱት የነበረው ዕቃ ታድሶ፣ ማጉረምረሙ ጠፍቶ፣ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሰምተው «ይህ የኛ አይደለም» ቢሉ ምን ይባላሉ? ዘፋኙ ያንን ማጉረምረም አልዘፈነውም፤ የማሽኑ ነው። ግን ለርሳቸው ያ ድምፅ የቤታቸው ድምፅ ነበር። እዚህ ላይ አዳሹ ትሑት መሆን አለበት። ጣዕም የሰሚው ነው፤ እርሳቸው የድሮውን መቀመጫ እንዲመለስ ቢፈልጉ ጥፋት የለበትም። ሸክላውን የሚፍቀውን ከባድ መርፌ እንዲመልስ ቢጠይቁት ግን በአክብሮት እምቢ ማለት ይገባዋል። ጣዕምን ማክበርና ጥፋትን መፍቀድ ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ የአዳሹ ግዴታ በሦስት ቃል ይጠቃለላል። መጀመሪያ ለሸክላው ይታመን፤ ማሻሻያው ድምፁን የሚጠብቅ እንጂ የሚበላ ወይም የሚያፍን እንዳይሆን። ቀጥሎ ለሚመጣው ባለቤት ይታመን፤ ሊፈታና ሊመለስ የሚችለውን መንገድ ይምረጥ፣ ያወጣውን ጎማ፣ ፑሌጃና ብሎን በከረጢት አኑሮ ከዕቃው ጋር ያስተላልፍ፣ የጋራርዱን ብረት ለአዲስ ክንድ ብሎ ከመብሳት መቀመጫውን ይብሳ። በመጨረሻም ለስሙ ይታመን፤ የለወጠውን ሁሉ ሳይደብቅ ይናገር። ግማሽ አካሉ የተተካን ማጫወቻ «ከፋብሪካው እንደወጣ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው የሠራው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰተኛ ነው። «ይህን ይህን ለውጫለሁ» ብሎ የሚናገረው ግን ብዙ ቢለውጥም እውነተኛ ነው።

ይህ ሕግ ከማጫወቻ አልፎ ይሄዳል። የአባቱን ቤት የሚያድስ፣ የአያቱን ታሪክ ለልጁ የሚተርክ፣ የቆየን ሥርዓት ለአዲስ ዘመን ሊያስማማ የሚነሣ ሁሉ የሚያስተላልፈውና የሚጨምረው ነገር አለው። መጨመሩ ነውር አይደለም፤ ሳይጨመርበት የቆየ ነገርም የለም። ነውሩ የተቀበለውን ድምፅ ዘግቶ የራሱን በቦታው ማስቀመጡ ላይ ነው። ያቺ በሞተሩና በሰሃኑ መካከል ያለች ትንሽ ጎማ የራሷ ዘፈን የላትም፤ ከአንዱ የተቀበለችውን ለሌላው ታደርሳለች። ጠርዟ ሲያልቅ ትለወጣለች፤ የምትተካትም ከርሷ የሚጠበቀው ያው ነው።