ምስጋናና ክብር

በአሜሪካ፣ በኩፐርስታውን ከተማ፣ የቤዝቦል ዝነኞች ስም የሚዘከርበት አዳራሽ አለ። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962፣ ከብሩክሊን ቡድን ባለቤቶች አንዱ የነበረው ነጩ ብራንች ሪኪ በ1967 በዚያ ተመርጠዋል። ለጥቁሮች ተዘግቶ የኖረውን የታላላቅ ቡድኖች በር በ1947 ለሮቢንሰን የከፈተለት ሪኪ ነው፤ ስድቡንና ዛቻውን የተሸከመው ግን ሮቢንሰን ነው።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ ማን ይበልጣል? በር መክፈት መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን በሩ ያለ ፍርድ የተዘጋ ነበር፤ ከፋቹም ከቡድኑ ድል ይጠቀማል። ስለዚህ ለከፈተው ምስጋና፣ መከራውን ለተቀበለው ክብር ይገባል። አንተም በር የከፈትህለትን ሰው ባለዕዳዬ ነው አትበል።