ወደ አዲስ ከተማ ስትሄድ ወደ ማን ነው የምትሄደው?



የዛሬው የጁሙዓ መልእክት ከደልጊ፣ ከቁንዝላ፣ ከጎርጎራና ከሌሎች የጣና ዳር ከተሞች «ኡስታዝ፣ ልሄድ ነው» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ነው። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣለትም። አንዱ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ከሰረ። አንዱ ደግሞ ከነማን ጋር ይውል እንደነበር ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ መስጂድ ሲገባ «ይሄ ደግሞ መቼ ነው ሸይኽ የሆነው?» እያሉ ይስቁበታል። አነጋገራቸው ቢለያይም ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ሄጄ እንደ አዲስ ልጀምር። ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር ነው።

መሄዱን አልቃወምም። አላህ ምድርን የተገራች እንዳደረገልን፣ በየአቅጣጫዋ እንድንሄድና ከሪዝቁ እንድንበላ በሱረቱል ሙልክ ነግሮናል። በእርሱ መንገድ የተሰደደ ሰው በምድር ላይ መሸሻና ስፋት እንደሚያገኝ ደግሞ በሱረቱ አን-ኒሳእ ቃል ገብቷል። የዘመን አቆጣጠራችን እንኳ የተመሠረተው በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልደት ላይ ሳይሆን ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ622 ላይ ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ615 ገደማ፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ባሕር የተሻገሩት ወደዚህችው ወደ ሐበሻ ምድር ነው። በፀጥታ ችግር ተገፍቶ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። ለእርሱ ምክር ሳይሆን ማደሪያና ምግብ ነው ያለብን። እኔ የማወራው ምርጫ ኖሮት ሻንጣውን ለሚያዘጋጀው ነው።

መቶ ነፍስ ያጠፋውን ሰውዬ ታሪክ ሰምታችኋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዘጠና ዘጠኝ ሰው ገድሎ አንድ መነኩሴ ዘንድ ሄደ። ተውባ እንደሌለው ሲነግረው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ከዚያ አንድ ዓሊም ጠየቀ። ዓሊሙ የተውባ በር ክፍት እንደሆነ ነገረውና አገሩን ለቆ ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ አዘዘው፤ ሰውየው ተነሳ፣ መንገድ ላይ ሞት ያዘው። የራሕመትና የቅጣት መላእክት ተከራከሩበት። ርቀቱ ሲለካ ወደሚሄድበት አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ ተገኘ፤ የራሕመት መላእክትም ወሰዱት።

ይህን ሐዲስ የምናነሳው ብዙ ጊዜ ስለ አላህ ምሕረት ስፋት ነው፤ ልክም ነው። ግን ዓሊሙ ለምን ሂድ እንዳለው ልብ በሉ። እዚያ ሥራ አለ ብሎ አይደለም። ማንም አያውቅህም ብሎም አይደለም። በዚያ አገር አላህን የሚገዙ ሰዎች ስላሉ ከእነርሱ ጋር ሆኖ አላህን እንዲገዛ ነው የላከው። ሰውየውን የላከው ወደ ሰዎች ነው።

ከዚህ ጎን ሌላ ታሪክ ላስቀምጥ። አቡ ደርዳእና ሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ አቡ ደርዳእ ሻም ሆኖ ሰልማንን ወደ ቅድስቲቱ ምድር ና ብሎ ጻፈለት። ሰልማን የመለሰለት፣ በኢማም ማሊክ ሙወጠእ እንደተዘገበው፣ ሰውን የሚቀድሰው ሥራው እንጂ መሬት እንዳልሆነ ነው። አንዱ ታሪክ ሂድ ይላል፣ አንዱ መሬቱ ምንም አያደርግልህም ይላል። እኔ ሁለቱ ሲጋጩ አይታየኝም። መቶ የገደለውን ሰው ያተረፈው ተውባውና ወደ ደጋጎቹ ማቅናቱ እንጂ የዚያ አገር አፈር አልነበረም፤ አፈሩንማ ሳይረግጠው ነው የሞተው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ባሕር ዳር አንተን አታጥብህም። ሱብሒ በጀማዓ የሚሰገድበት መስጂድ አላት፣ ጫት ቤትና ሺሻ ቤትም አላት፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ከተማ ስትቀይር ልማድህ ሻንጣ ውስጥ አብሮህ ይገባል፤ ስልክህ ውስጥማ ያለ ሻንጣም ይሄዳል። ሐይቁን ተሻግረህ ማታ ማታ የምታወራው ከዚያው የቴሌግራም ግሩፕ ጋር ከሆነ ገና ደልጊ ነህ። (ደልጊን መስደቤ አይደለም፤ ደልጊ ውስጥ ሌሊት የሚነሱ አባቶችና እናቶች አሉ። ከመሄድህ በፊት ከእነርሱ ጋር ተቀምጠህ ታውቃለህ?)

ነገሩ የሚወሰነው በመጀመሪያዋ ሳምንት ነው። ኪራይ ውድ ስለሆነ ያገኘኸው ሰው ጋር ደባል ትሆናለህ፤ በአንድ ምሽት የመረጥከው ደባል የዓመትህን ዋጋ ይወስናል። እንግዲህ ከመናኸሪያ እንደወረድክ ቅርብ ያለውን መስጂድ ጠይቅ። ከሶላት በኋላ ኢማሙን ሰላም በልና ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንደምትፈልግ በግልጽ ንገረው። ሙአዚኑንም አትርሳው፤ ስለ ኪራይ ቤት ከደላላ በላይ የሚያውቁ ሙአዚኖች አሉ፣ ኮሚሽንም አይጠይቁም። እህቴ፣ አንቺ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ስትመጪ ማን ቤት እንደምታርፊ ሳታረጋግጪ አትነሺ። መናኸሪያ ላይ ቆሞ «ሥራ አለ፣ ማደሪያም አለ» የሚልሽን ሰው አትመኚ። የአሠሪሽን ቤትና ስልክ እናትሽ ወይም ወንድምሽ ይወቁት፤ ደመወዙም ምስክር ባለበት ይነገር።

ባሕር ዳር የመጤ ከተማ መሆኗም ይጽናናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 ፖሊቴክኒኩ እስኪመጡ ድረስ ትንሽ መንደር ነበረች። ዛሬ «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ከሚሉት የብዙዎቹ አባት ወይም አያት እንዳንተው ሻንጣ ይዞ የገባ ነው።

ስለ ሥራ ከተነሳ ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ሳላነሳ አላልፍም። መካ ላይ ነጋዴ ነበር፤ መዲና ሲገባ እጁ ባዶ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጉት። ሰዕድ ከመዲና ባለሀብቶች አንዱ ነበርና ንብረቱን እኩል እንካፈል አለው። ዐብዱራሕማን አላህ በቤተሰብህና በሀብትህ ላይ በረካ ያድርግልህ ብሎ ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀው። ሄደ፣ ዋለ፣ አይብና ቅቤ አትርፎ ተመለሰ። አዎ፣ አይብና ቅቤ! ያ ታላቅ ሰሓባ ቅዳሜ ገበያ ላይ የእኛ እናቶች የሚሸጡትን ነው የሸጠው። ብዙም ሳይቆይ አግብቶ መጣ፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያዘጋጅ አዘዙት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዲግሪ ይዘው ከደልጊ የሚመጡ ልጆች አሉ። የቀን ሥራ ወይም ባጃጅ ሲቀርብላቸው «ሰው ቢያየኝስ?» ይላሉ። ማንም ወደማያውቀኝ ቦታ ልሂድ ብለህ አልነበር የመጣኸው? ሐላል እስከሆነ ድረስ ሥራ ነውር የለውም። ሌላው ደግሞ ወገኔ ነው ያለው ሰው ቤት ሦስት ወር ተቀምጦ ገበያው የት እንደሆነ ሳይጠይቅ ይቀራል። እንዲህ ያለው እንግዳ ለቀጣዩ እንግዳ በር ያስዘጋል።

ከዚያ ናፍቆቱ ይመጣል። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ሙሃጂሮቹ መዲና እንደገቡ ንዳድ ያዛቸው፤ አቡበክርና የእኛው ቢላል (ረ.ዐ) ታመው ተኙ። ቢላል ያሠቃዩት የነበሩባትን፣ በጋለ አሸዋ ላይ ያስተኙት የነበሩባትን መካ፣ ሸለቆዋንና የሣሯን ሽታ እያነሳ በግጥም ይናፍቅ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ኢማንህ ደክሟል አላሉትም። መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው፣ ንዳዱንም ከእርሷ እንዲያነሳላቸው አላህን ለመኑ። ሁለተኛው ወር ላይ ማታ ክፍልህ ውስጥ የሐይቁ ነፋስና የእናትህ ድምፅ ትዝ ብሎህ ካለቀስክ ተሸነፍክ ማለት አይደለም። ዱዓ አድርግና ደውልላት።

ስለ እናት ካነሳን፣ አንድ ሰው በሂጅራ ላይ ቃል ሊገባ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወላጆቹን እያለቀሱ ትቷቸው እንደመጣ ነገራቸው። ተመልሶ እንዳስለቀሳቸው እንዲያስቃቸው አዘዙት። አስቡት፤ ሂጅራው ወደ አላህና ወደ መልእክተኛው ነበር! የእኛ ጉዞ ወደ ባሕር ዳር ነው። አስፈቅዳችሁ ውጡ። ሌሊት ተደብቆ መጥፋት አዲስ ሕይወትን በወንጀል መጀመር ነው።

ዕዳስ? ደልጊ ላይ የሱቅ ዱቤ፣ የጓደኛ ብድር፣ የዕቁብ ገንዘብ ትቶ የሚሄድ አለ። «እንደ አዲስ ልጀምር» ሲል ለእርሱ አዲስ ነው፤ ላበደረው ሰው ግን ስርቆት ነው። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊገድሏቸው ከሚያሴሩት ቁረይሾች ሲያመልጡ ዐሊን (ረ.ዐ) ወደኋላ ያስቀሩት፣ ሰዎች እርሳቸው ዘንድ ያኖሩትን አማና ለየባለቤቱ እንዲመልስ ነው። ነፍስን ይዞ መሸሽ እንኳ የሰው ሐቅ አላስረሳም። የምትከፍለው ከሌለህ አበዳሪህ ፊት ቆመህ «ልሄድ ነው፣ ስልኬ ይሄ ነው፣ በየወሩ በቴሌብር ይህን ያህል እልካለሁ» በለው። ይቆጣ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ዱዓ አድርጎ ይሸኝህ ይሆናል።

በመጨረሻ ለባሕር ዳር ልጆች አንድ ነገር አለኝ። ስለ ዐብዱራሕማን ስናወራ ሰዕድን እንረሳዋለን። ዐብዱራሕማን ስጦታውን አልወሰደም፤ ሰዕድ ግን ከልቡ አቅርቦለታል፣ ገበያውንም አሳይቶታል። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትወጡ በረንዳው ላይ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ የቆመ፣ ማንን ሰላም እንደሚል የጨነቀው ልጅ ካያችሁ ስሙን ጠይቁት። ምሳ ይብላ። ማደሪያ እንዳለው ጠይቁት፤ ነገ ጠዋትም ሥራ ወደሚገኝበት ቦታ አብራችሁት ሂዱ።