ሰውን የሚያነቃው ማን ነው?

ለመልካም ሥራ መነሣት ከመልካም ፈቃድ እንደሚመጣ የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ፈቃድ በሰው ውስጥ ተኝቶ ሲገኝ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? ራሱን ራሱ ይቀሰቅሳልን? ወይስ ከውጭ የሚመጣ ቀስቃሽ ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ በገዳም አባቶች ዘንድ ከጥንት ሲመረመር የኖረ ነው፤ በዘመናችን ደግሞ የብዙ ወጣቶች ጥያቄ ሆኖ በአዲስ መልክ መጥቷል። «አነቃቂ» የሚባሉ መጻሕፍት በየመደብሩና በየመንገዱ ዳር ተዘርግተው ይሸጣሉ፤ አነቃቂ ንግግር የሚያሰሙ ሰዎችም አዳራሽ ይሞላሉ። የቤተ ክርስቲያን ልጆችም እነዚህን መጻሕፍት ከመዝሙረ ዳዊታቸው ጋር በአንድ ቦርሳ ይዘው ሲሄዱ እናያለን። ስለዚህ ነገሩን ሳንንቀውም ሳንፈራውም ልንመረምረው ይገባናል።

ይህን ነገር ወደ ልባችን ያቀረበልን አንድ ጉዞ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፥ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ደብረ ወርቅ ማርያምን ለመሳለም ከሚሄዱ ተማሪዎች ጋር አብረን ተጕዘን ነበር። ቀጠሮው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበረ። የጎጃም ደጋ ብርድ በኅዳር ወር ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል፤ ከጮቄ የሚወርደውን ነፋስ ጋቢ አይመልሰውም። ሆኖም ከተማሪዎቹ የቀረ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ፥ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፥ አውቶቡሱ ውስጥ በእጅ ስልኩ ብርሃን ከእነዚሁ መጻሕፍት አንዱን ያነብ ነበር። ምን እንደሚል ብንጠይቀው በአክብሮት አስረዳን፤ በማለዳ ስለ መነሣት፥ ጊዜን በከንቱ ስላለማሳለፍ፥ በውድቀት ተስፋ ስላለመቍረጥ የሚናገር ነው። በውስጡ መልካም ነገር እንዳለበት አልተጠራጠርንም። ልጁ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባ፥ ሳነበው እሳት እሆናለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንደ ድሮዬ ነኝ። ያን ጊዜ ሌላ እገዛለሁ። እስካሁን 11 አንብቤአለሁ» አለን። ቀጥሎም በማለዳ መነሣትን ብቻ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ቤቱ እንዳለ፥ በእርሱ ምክንያት ግን አንድ ቀን እንኳ በማለዳ ተነሥቶ እንደማያውቅ ነገረን። «ታዲያ ልጄ፥ ዛሬ በዚህ ሌሊት እንዴት ተነሣህ?» ብንለው፥ «ጓደኛዬ በሬን ደበደበብኝ» ብሎ መለሰ፤ በአጠገቡ የተቀመጡትም ሳቁ።

ልጁ ይህን የተናገረው እንዲሁ እንደ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የጥያቄያችን መልስ እኩሌታው በዚህ ቃል ውስጥ ይገኛል። መንቃት ከእንቅልፍ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ራሱን አይቀሰቅስም። አውቆ የተኛውንማ ማንም አይቀሰቅሰውም ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ አነቃቂ የሚለውን ስም በእውነት ሊሸከም የሚገባው በሩን የሚመታው ሰው ነው እንጂ ከራስጌ ተቀምጦ የሚያድረው ወረቀት አይደለም።

የጎጃም የአብነት ተማሪ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር። በደብረ ወርቅ፥ በዲማ ጊዮርጊስ፥ በደብረ ኤልያስ፥ በዋሸራም የቆየው ሥርዐት ይኸው ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትሩን ጨብጦ፥ ገና ሳይነጋ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሩቅ መንደር ለቍራሽ ይወጣል። ታናሹ መንገዱንና ክፉውን ውሻ የሚያውቀውን ታላቁን ይከተላል። በእመቤታችን ስም ለምነው ያገኙትን በአንድነት ይቀምሱታል። ከዚያ በኋላ የቅኔ ተማሪ ዛፍ ጥላ ሥር ተገልሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ባለ 2 ቤት ከሆነችው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ባለ 8 ቤት እስከ ሆነው እስከ መወድስና ከዚያም በላይ የሚወጣው በዚህ መሰላል ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን «ቅኔን መማር ለምን ይጠቅማል?» የሚል የማነቃቂያ ጽሑፍ በእጁ አልገባም። ሌሊት የሚያነቃው በጎኑ የተኛው፥ ደበሎውን የሚገፍፈው ባልንጀራው ነው፤ ቀን የሚያተጋው ደግሞ ማታ የሚጠብቀው የመምህሩ ጆሮ ነው። ሳይቈጥር ውሎ ከጉባኤ የሚቀመጥ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያፍር ያለፈበት ሁሉ ያውቀዋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩት ደራሲ፥ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዚህን አገር ሕይወት ለትውልድ አስቀርተዋል።

ይህን ስንል ረኀቡንና ብርዱን፥ ቅማሉንና እከኩን ለማወደስ አይደለም። ልመናው ራሱ ጽድቅ ነበረ የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ብዙ ጥሩ አእምሮ ያለው ልጅ በበሽታ በመንገድ ቀርቷል፤ ብዙም ተማርሮ ወደ እርሻው ተመልሷል። ሊወደስ የሚገባው ቍራሹን መካፈሉና እርስ በርስ መቀሳቀሱ ነው። ረኀቡ ቢጠፋ እነዚህ ሁለቱ የግድ አብረው መጥፋት አልነበረባቸውም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ሁሉ በአነቃቂ ተናጋሪዎች አፍ እጅግ የሚዘወተረው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። ስንክሳር ግንቦት 11 ቀን እንደሚነግረን፥ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፈው ወደ ዱር ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለም አንዲት ትል ፍሬውን ለመብላት ወደ ዛፉ ስትወጣ ደጋግማ ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ስትደርስ አየ። ተናጋሪዎቹ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው «አንተም እንደ ትሏ ውደቅና ተነሥ፤ ትችላለህ!» ብለው ያስጨበጭባሉ። ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወዴት ሄደ? ወደ ሸሸው መምህሩ ተመለሰ። ይቅርታ ለመነ፤ እንዲያስተምረውም ማለደ፤ ወደ እግዚአብሔርም አለቀሰ። አእምሮው የተከፈተለት ከዚህ በኋላ ነው። ትሏ ለያሬድ ያስተማረችው «ብቻህን ትበቃለህ» የሚለውን ቢሆን ኖሮ በዚያው በዱሩ በቀረ ነበር፤ እኛም ድጓ ባልኖረን ነበር። ታሪኩን ከመመለሱ በፊት የሚቈርጠው ሰው እንግዲህ መድኃኒቱን ጥሎ ብልቃጡን ይሸጣል።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ መቈረጥ በውጭው ዓለምም የደረሰ መሆኑ ነው። የእነዚህ መጻሕፍት አባት ሊባል የሚችለው የስኮትላንዱ ተወላጅ ሳሙኤል ስማይልስ ነው፤ ራስን ስለ መርዳት የጻፈውን መጽሐፍ በ1859 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መጽሐፉ ከየት እንደ ተወለደ ራሱ በመግቢያው ይናገራል። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሁለት ሦስት ድኾች ወጣቶች በክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ የሚያውቁትን እርስ በርሳቸው ለመማማር ተስማሙ። ቍጥራቸው ሲበዛ ቀድሞ የኮሌራ በሽተኞች ይተኙበት የነበረ፥ ሌላ ሰው የማይደፍረው ክፍል ተከራዩ። ጥቂት ያነበበው ምንም ላላነበበው፥ ትንሽ ሒሳብ የሚያውቀው ምንም ለማያውቀው ያስተምር ነበር። ስማይልስን ንግግር እንዲያደርግላቸው የጠሩት እነርሱ ናቸው፤ መጽሐፉም ከዚያ ንግግር በቀለ። እንግዲህ «ራስን መርዳት» የተባለው ትምህርት በመነሻው ባልንጀራን መርዳት ነበረ። በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ያን የኮሌራ ክፍል ረስተው «ራስ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው ቀሩ።

ምናልባት አንድ አስተዋይ አንባቢ «ቅዱስ እንጦንስስ? አንዲት የወንጌል ቃል ሰምቶ ብቻውን አልወጣምን?» ሊለን ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። እንጦንስ ፍጹም ሊሆን የሚወድ ያለውን ሸጦ ለድኾች ይስጥ የሚለውን ቃል የሰማው ግን በቤተ ክርስቲያን፥ በጉባኤ መካከል ሲነበብ ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈውም በቀጥታ ወደ በረሃው ልብ አልገባም፤ በአቅራቢያው መንደር ከወጣትነቱ ጀምሮ በተጋድሎ የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበረና እርሱን አይቶ መንገዱን ተከተለ፤ ከሌሎችም ትጉሃን ከእያንዳንዱ አንዳንድ ምግባር ቀሰመ። ቃሉ በእርግጥ እሳት ነበረ፤ እሳቱ ግን ምድጃ አገኘ።

የሚያነሣሣ ቃል ክፉ ነው አንልም። ነቢያት አነሣሥተዋል፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም አነሣሥቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው የመነሣሣትን ደስታ ከመነሣት ሲያስበልጥ ነው። አንባቢው የሥራውን ደመወዝ፥ ማለት ደስታውን፥ ሥራው ሳይጀመር ይቀበላል፤ ደመወዙን አስቀድሞ የወሰደ ሠራተኛ በማግስቱ ለምን ይመጣል? ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን፥ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ሲሄድ መልኩን በሚረሳ ሰው መስሎታል። ያ ተማሪ 11 መስተዋት ነበረው።

የቤተ ክርስቲያን ንባብ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ ልብህ ዛሬ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል ብሎ አይጠይቅም። ሰኞ ከሆነ መዝሙረ ዳዊትን ከ1 እስከ 30 ትደግማለህ፤ ቅዳሜ በ150ኛው ትፈጽማለህ። ውዳሴ ማርያምም ለየዕለቱ ተከፍሏል፤ ስንክሳርም ቀኑን ጠብቆ ይነበባል። ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፥ ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት፥ በመምህር አፍ እየተተረጐሙ ይሰማሉ እንጂ ለብቻ እንዲሁ አይዋጡም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም በሠረገላው ተቀምጦ በመንገድ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ ቀርቦ ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ ቢጠይቀው፥ የሚመራው ሳይኖር እንዴት እንደሚችል መለሰለት፤ ወደ ሠረገላውም አወጣው። ስለዚህ ያን ልጅ መጻሕፍቱን ጣላቸው አላልነውም፤ አንድ መጽሐፍ መርጦ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በተቈረጠ ሰዓት እንዲያነብ፥ በሳምንትም አንድ ቀን ያነበበውን ለሚበልጠው ሰው እንዲናገር ነገርነው። እኛ የምናውቀው መድኃኒት ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ሰውን የሚከለክለው ራሱ ብቻ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ይህ ለጠገበ ሰው ጥሩ ተግሣጽ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ፤ በሚልዮን የሚቈጠሩ ልጆችም ከትምህርት ራቁ። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን፥ አባቱ ማዳበሪያ መግዣ ያጣበትን ልጅ «ያላደግኸው ስላልፈለግህ ነው» ማለት ምንድን ነው? ይህ የኢዮብ ወዳጆች ነገር ነው፤ እነርሱም በቍስሉ ላይ ተቀምጠው መከራው የጥፋቱ ዋጋ እንደ ሆነ ያስረዱት ነበር፤ እግዚአብሔርም ነገራቸውን አልተቀበለውም። ድኻውን ለድኽነቱ ጥፋተኛ የሚያደርግ መጽሐፍ ሽፋኑ ምንም ያህል ቢያምር ኀጢአት አለበት። ልጁም ቢያምነው ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ በመጀመሪያ ትምህርቱን፥ ቀጥሎም ለራሱ ያለውን ክብር ያጣል።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሁሉ የዘመኑ ጥፋት ነውና ተኛ» ልንለው አንችልም። ጸጋ የሰውን ፈቃድ አይሽርም፤ ፈቃድም ያለ ጸጋ ፍጻሜ የለውም ብለን የምናስተምር እኛ ነንና። እንግዲህ ካህናት ወንድሞቻችን፥ ጥያቄው ወደ እኛ ተመልሶ መጣ። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌ ደብሩ አልተዘጋም። ቄሰ ገበዙ መቅደሱን ለመክፈት በሌሊት ይነሣል፤ ዲያቆኑም ይነሣል። በዚያው መንደር 12ኛ ክፍል ደርሶ ትምህርቱን ያቋረጠ፥ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወጣት አለ፤ ፊደል ያልቈጠሩ ሕፃናትም አሉ። ደጀ ሰላሙ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ሠርክ ባዶ ነው። የሊድስ ወጣቶች የተከራዩት የኮሌራ ክፍል ነበር፤ የእኛ ደጀ ሰላም ኪራይ አይጠየቅበትም። በሩን የሚመታው ሰው ገና ካልተነሣ፥ ከመካከላችን ማን ይነሣል? በየትኛውስ ሰዓት?