ቀኑ ለሚረዝምባቸው

ልጄ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ልትከፍቺ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ የአልጋና የፍራሽ ዋጋ ስትጠያይቂ ሰነበትሽ ሲሉኝ ግን ሰጋሁ። አልጋውን ተይው። ከገጠር ወደ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የመጡ ሰዎች የሚተኙበት አላቸው፣ እንጀራም አላጡም። ያጡት የሚውሉበትን ነው።

ጃቢ ጠህናን ወይም ወንበርማ ገጠር የኖረች እናት ቀኗ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለሳለች፤ ጎረቤት ቡና ይጠራታል፤ በቆሎ ታሰጣለች፣ ከስጡ ዶሮ ታባርራለች፤ በደጇ ያለፈ ሁሉ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። የማን በሬ የማን ማሳ እንደገባ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደፈታ ሳትሰማ አይመሽባትም። ከዚያ ልጇ «እናቴን ላሳርፋት» ብሎ ከተማ ያመጣታል። ንጹህ ሰርቪስ ክፍል፣ አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰጣታል። እሱ ቢሮ፣ ሚስቱ ሱቅ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የግቢው በር ከውጭ ይቆለፋል። ቡሬም ያው ነው። ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ልጇ ፈረቃ የሚገባባት እናት ልጇን የምታየው ሲተኛ ነው። ብዙ ሳይቆይ ነገር መርሳት ትጀምራለች፣ ልጅየውም «ጃጀች፣ እርጅና ነው» ይላል። አንዳንዱ በእርግጥ ሕመም ነው፤ ሐኪም ይየው። ስንቱን ግን ያጃጀው የግቢው ዝምታ እንደሆነ እኔ በድሬሰርነት ዘመኔ አይቻለሁ።

ጡረታ የሚባለው ነገር ለእንደኔ ያለው ደመወዝተኛ ነው፤ ስልሳ ሲሞላን እንወጣለን፣ ወር ጠብቀን እንቀበላለን። ገበሬ ጡረታ የለውም፤ ጡረታው ልጁ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የምንለውም ለዚሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል፤ አቅሙ እስኪፈቅድ ግን እነዚህ ሰዎች ዛሬን የሚውሉበት ይፈልጋሉ።

ታፔላሽ ላይ «መርጃ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ቢንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ወድቀው የቀሩትን፣ ማንም የሌላቸውን ከጎዳና ያነሣል፤ ያ ሌላ ጥሪ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ያንቺዎቹ ግን ልጅ ያላቸው ናቸው። እናቱን «መርጃ» ያስገባ ተብሎ በእድር ቤት የሚወራበት ሰው እናቱን አይልክልሽም፤ እሳቸውም ልጃቸውን ላለማስወቀስ አይመጡም። «መዋያ» በዪው፣ ይበቃል። እኛ ክልል ውስጥ ይህን ነገር በራሱ መንገድ የሠራው አውራ አምባ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የመሠረተው ማኅበረሰብ ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አለው። እኔን የማረከኝ ምግቡ አይደለም፤ ቤቱ ከሸማኔዎቹና ከሕፃናቱ መማሪያ ጋር በአንድ መንደር መሆኑ ነው። ሲያትል ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር እንኳ ለአረጋውያን ባለ 90 ቤት ሕንፃ ሲያሠራ የማኅበሩን መሰብሰቢያ እዚያው አድርጎታል። አንቺም ቤቱን ከከተማው ዳር፣ ጸጥ ያለ ቦታ ብለሽ አትከራዪ። ገበያተኛ በሚያልፍበት ይሁን፤ በረንዳውም ወደ መንገድ ይይ።

ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ሽማግሌን ማሳረፍ አክብሮት ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ከእንግዲህ አታስፈልጉም» ማለት ነው። ጥጥ ከገበያ ግዢ። እማሆዮቹ ይዳምጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ዓይናቸው የደከመ ሴት ሲፈትሉ ቁጭ ብለሽ እይ፤ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ይለቁታል፣ ክሩ ሊበጠስ ሲቀጥን አውራ ጣታቸው ቀድሞ ያውቀዋል፣ ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ውኃ ሲጠጡ ነው፤ ሲፈትሉ አይንቀጠቀጥም። ልቃቂቱ ሲሞላ ለሸማኔ ስጪው፤ ጋቢው ሲሸጥም ብሩ የራሳቸው ይሁን። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት ሃምሳ ብር ለልጅ ልጅ ደብተር ሲገዛ ቤት ውስጥ የሚሰጣቸው ቦታ ይለወጣል።

ወንዶቹ ያስቸግሩሻል። ገበሬ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አይችልበትም፤ ከቻለበትም ጠላ ቤት ነው። ከጓሮሽ አንድ መደብ ስጫቸው። አገሩ የበርበሬ አገር ነው፤ ችግኝ እንዴት እንደሚፈላ አላወቅሽበትም እያሉ ሲቆጡሽ ይውላሉ፣ ቁጣውም መድኃኒት ነው። ሰፈር ውስጥ የተጣላ ካለም ወደ መዋያሽ ላኪው። ማስታረቅ የለመደ ሰው የሚያስታርቀው ሲያጣ ይታመማል።

ስለ ሕመም ስትጠይቂያቸው «ታመዋል ወይ?» አትበዪ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሻል፤ ወገባቸው ተሰብሮም ይሉሻል። «ሌሊቱን ስንቴ ተነሡ? ደረጃውን እንዴት ወጡት? ትናንት ራትዎን ጨረሱት?» ብለሽ ጠይቂ። ለገጠሩ ሰው «አንቱ» ማለትን አትርሺ፤ «አባባ፣ ና ቁጭ በል» የምትል ነርስ የጠየቀችው ሁሉ መልሱ «ደህና» ነው።

ጾም ላይ ትፈተኛለሽ። ጠዋት የደም ግፊት ክኒን የታዘዘላቸው ሰው በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። እሺ ብለው ይቀበሉሽና ክኒኑን መቀነታቸው ውስጥ ይቋጥሩታል። ክርክር አትግጠሚ፤ የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። እሳቸው «መድኃኒት ነው፣ ውሰዱ» ካሉ ነገሩ አለቀ። አንዳንዱን ክኒን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ እሱን ግን ሐኪሙ ይወስን እንጂ አንቺ አትወስኚ። ስኳር ላለበት ሰው ነገሩ ይከብዳል። መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበላ የዋለ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ቶሎ ስጪው፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳታደርጊ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው። ይህን ወጥ የምትሠራውም ጥበቃውም ይወቁት። በተረፈ የሁለት ወር መድኃኒት በእጃቸው ሳይኖር አትተኚ፤ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እኛ አካባቢ መንገር አያስፈልግም።

እግራቸውን እይ። ቀዩ አፈራችን ላይ ዕድሜ ልኩን በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው አንዳንዱን ዝሆኔ ይይዘዋል። ከአፈሩ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የዘር እርግማንም አይደለም። ሽታው ስለሚያሳፍራቸው በር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ በር አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው ልብ በዪ። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ያለበት ውኃ አዘጋጂ። በጣቶቹ መካከል ሳይቀር እጠቢ፣ እስኪደርቅ አድርቂ፣ ቫዝሊን ቀቢ፣ ንጹህ ካልሲና ሰፊ ጫማ አልብሺ፣ ሲቀመጡም እግራቸው ዱካ ላይ ከፍ ይበል። በየቀኑ ነው እንጂ በሳምንት አንዴ አይሆንም። መጀመሪያ ቀን ይግደረደሩሻል፤ ጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የሚያጥቡት እኮ እግር ነው በያቸው።

አንገታቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጠሉ ሴት ካየሽ ደግሞ የዓይናቸው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ እየወጋቸው ነው። ትራኮማ ነው። በ2001 ዓ.ም. በምዕራብ አማራ በዘመቻ መታደል የጀመረው ዚትሮማክስ ተህዋሱን ያጠፋል እንጂ የተቀለበሰውን አያቀናም፤ እሱ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ይዘሻቸው ሂጂ። ብቻቸውን ልላካቸው ብትዪ አይሄዱም።

ለአልጋ ያሰብሽውን ገንዘብ ሽንት ቤቱ ላይ አውዪው። ጉልበቱ የታመመ ሰው ጉድጓድ ላይ ቁጢጥ ብሎ መነሣት አይችልም። ይህን ስለሚያውቅ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጣም፣ ባለመጠጣቱ ይደርቃል፣ ራሱ ይዞራል፣ ይወድቃል፤ እኛም ግፊት ነው ብለን እንሮጣለን። መቀመጫው የተቀደደ ጠንካራ የእንጨት ወንበር ጉድጓዱ ላይ አስቀምጪ፣ ግድግዳው ላይ የሚጨበጥ እንጨት ምቺ፣ መንገዱን ሲሚንቶ አስደርጊው፤ ሲሚንቶው ግን የሚያንሸራትት እንዳይሆን።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ያን ሰዓት የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ በሜሞሪ ጭነሽ ክፈችላቸው። የሚተርከው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ መጽሐፉም የሚጀምረው እዚሁ ማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ሲባል ያንቀላፉት ቀና ይላሉ፤ አንዱ የባለታሪኩ ቤት የነበረበትን ቦታ አውቀዋለሁ ይላል፣ ሌላው ሰፈሩ ያ አይደለም ይላል፣ ሦስተኛው በልብ ወለድ ቤት አይፈለግም ብሎ ሁለቱንም ይቆጣል። አንቺ ዝም ብለሽ ቡናውን አፍይ።

እድሮቹን አነጋግሪ። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ ሰው እስኪሞት ግን የመጋዘኑን ቁልፍ አያወጣም። አግዳሚውን በሥራ ቀን እንዲያውሱሽ ለምኚ። የወር መዋጮ የሚከፍሉት አዛውንቶች ራሳቸው ናቸውና የሚከለክሉበት ምክንያት ያጥራቸዋል። የጤና መድህን ደብተራቸውንም እይ። ይህ መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ሆኖም ዛሬም ድረስ በልጁ ቤት የሚኖር አባት በልጁ ደብተር ላይ ሳይመዘገብ የቀረ አለ። ልጅየው አባቱ ገጠር የተመዘገቡ ይመስለዋል፣ ገጠሮቹ ደግሞ ከተማ። የእድሳቱ ወቅት ሳያልፍ ቀበሌ ሄደሽ አጣሪ።

እሁድ ግን ዝጊው። እሁድ ሰንበቴ አላቸው፤ እሱን አትሻሚባቸው። አንቺም ልብስሽን እጠቢ፣ ተኚ። ሰኞ ጠዋት የማን ዳቦ እንዳረረ፣ የማን ጠላ እንደቀጠነ ይዘውልሽ ይመጣሉ።