ታቦቱ መጣ፤ ደጁስ?

ቅድስና የቦታ ነው ወይስ የሰው? በዋሽንግተን አጠገብ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዚህ አካባቢ ምእመናችን ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሰው ሌሎች ክርስቲያኖች ሠርተው በሸጡት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጳጳስ የባረከው ታቦት ሲገባ ያ አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል።

ታቦት ደግሞ መንቀሳቀስ ያውቃል። በከተራ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ በ1888 ዓ.ም. የጊዮርጊስ ታቦት ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዓድዋ ዘምቷል። ስለዚህ አሜሪካ መድረሱ አይደንቅም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ ታቦታት ግን ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። ክብራቸው አልጎደለም እንላለን፤ የሚቀድስባቸውና የሚሳለማቸው ግን የለም። ታቦቱ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

የትኛውን ሰው? እዚህ ላይ ሐሳቤ ከቤቱ ወደ ደጁ ይወጣል። በአገር ቤት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ባለቤቶች አሉት፦ የኔ ቢጤው፣ የቆሎ ተማሪው፣ ጸበልተኛው። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አያባርራቸውም። አሜሪካ ውስጥ ደጁ የመኪና ማቆሚያ ነው። የሚመጣው መኪና ያለው ነው። በአዘቦት ቀን የተቆለፈ በር ማየትም ብርቅ አይደለም። ናፍቆታችንን በአገር ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ዛፍና ምንጭ እናመካኛለን፤ እኔ ግን የጎደለው ደጅ ጠኚው ይመስለኛል።

በታይዋን ተራሮች የሚኖሩት ሳይሲያቶች “የትኛውን ሰው?” የሚለውን ጥያቄ ያጠሩልኛል (እምነት ላደባልቅ አይደለም)። ፓስታአይ የሚሉት በዓላቸው በየሁለት ዓመቱ ይውላል፤ በየአሥር ዓመቱ ደግሞ ታላቁ ይደረጋል። እንደ ትረካቸው፣ እርሻና ዜማ ያስተማሯቸው ታኣይ የተባሉ አጫጭር ጎረቤቶች ነበሯቸው። ሳይሲያቶቹ “ሴቶቻችንን ነኩ” ብለው ጎረቤቶቻቸው የነበሩበትን ዛፍ ቆርጠው ገደል ሰደዷቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰብሉ ከዳቸው። ስለዚህ ሌሊቱን እየዘፈኑ የእነዚያኑ ሟቾች መንፈስ ይጋብዛሉ፤ ይለማመጣሉ፤ ይሸኛሉ። የበዓሉ ዋና እንግዳ የበደሉት ባዕድ ነው።

“እኛ ማንንም አልገደልንም፤ ስደተኞች ነን፤ ለሌላ የሚተርፈን የለም” ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም ሳይሲያቶች ከእኛ የበለጠ ሀብት ያላቸው አይመስለኝም፤ ለባዕዱ ቦታ መስጠት የትርፍ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እነሱም ባልቻሉት ነበር። ደግሞስ ቅድስናን ለራሳችን ማንነት መጠበቂያ ብቻ ካደረግነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከዕድር በምን ይለያል? ዕድር የአባሉን ሰው ይቀብራል፤ ያ መልካም ነው፤ ግን የአባሉን ብቻ ነው።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ቀጣዩ መዋጮ ለጣሪያ ከመዋሉ በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ ረቡዕ ረቡዕ በሩን ክፈቱ፤ ሾርባና ዳቦ አቅርቡ፤ የሚመጣውን አማርኛ ታውቃለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁት።