ከመቼ ጀምሮ?



አንድ የጋራ መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሳለ ቢበላሽ፥ ጥፋተኛው ያ ሰው ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎቻችንም ፈጥነን «አዎን» እንላለን። ነገር ግን ፍርዳችን ትክክል መሆን አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ እንመርምረው።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ በሆነችው በከሚሴ አካባቢ፥ ቦርከና በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ፥ ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን ሲያርስ የኖረው በበሬ ነው። ይሁንና በሬ ገዝቶና ቀልቦ ማቆየት ለሁሉም አይቻልም። ነጂው ከኋላ እየተከተለ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ትራክተር በአገራችን የተሞከረው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ይህን መሣሪያ ለማስተዋወቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዋጋው ለአንድ ገበሬ ስለሚከብድ፥ አንዱ ገዝቶ ሌላውን በኪራይ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። የብዙ ሰው እጅ በሚነካው መሣሪያ ላይ ደግሞ የፍርድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ሦስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገዙ እንበል። በሰኔ፥ እርሻው ሲጣደፍ፥ መሣሪያው በቀን ሠራተኛው ወጣት እጅ ላይ ሳለ ቀጥ አለ። ማኖቤላው ቢሳብ አልዞር አለ። ባለቤቶቹም «የሰበርከው አንተ ነህ፤ ከሒሳብህ ይቆረጣል» አሉት። ወጣቱ የሚያጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። «ሞተር አድራቂ» የሚል ስም ከወጣለት በሚመጣው ዓመት ማን ይቀጥረዋል?

ፍርዱን ለጊዜው እናቆየውና መሣሪያውን እንጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የተያዘው ሞተሩ ነው ወይስ ሞተሩ የሚያዞረው?» የሚል ነው። ካምቢዮው ከማርሽ ወጥቶ ቺንጋው ሲላላ ሞተሩ ከዞረ፥ ችግሩ ያለው ከሞተሩ ውጭ ነው፤ ምናልባት አፈር በሚፈጩት ስለቶች ዘንግ ላይ ሽቦ ወይም ገመድ ተጠምጥሞ ይሆናል። ካልዞረ ግን የዘይቱ መጠንና መልክ ይታያል። ቀጥሎ የናፍታው መርጫ፥ በቤንዚን ለሚሠራው ደግሞ ካንዴላው ይወጣል። ከፒስተኑ በላይ ውሃ ወይም ነዳጅ ተጠራቅሞ ከተገኘ፥ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ፒስተኑን ያገደው እርሱ ነው። ክረምቱን ቆሞ የዛገ ሞተር ከሆነ፥ በቀዳዳው ቀጭን ዘይት አፍስሶ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ፥ ከዚያም ቮላኖውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማነቃነቅ ያስፈልጋል። ታግሦ የማያውቅ ግን በመዶሻ ይመታዋል፤ ሊድን የሚችለውንም ይሰብረዋል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ። በዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ቢያብረቀርቅ ደግሞ ሞተሩን ከመክፈት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ልብ እንበል! እያንዳንዱ ምክንያት ወደ ሌላ ሰውና ወደ ሌላ ቀን ያመለክታል። ሽቦውን በማሳው የጣለው ሌላ ነው። መሣሪያውን ለዝናብ የተወው ሌላ ነው። ዘይትም በአብዛኛው በአንድ ቀን አያልቅም፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ወይም ተቀዶ ለሳምንታት ሲቆይ፥ አቧራው የፒስተኑን ቀለበቶች እየበላ፥ ዘይቱም ጥቂት በጥቂት እየነደደ ይሄዳል። ሞተሩ የደረቀበት ሰዓት የጥፋቱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

«ታዲያ ወጣቱ ከቶ ነፃ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ድምፁ ሲለወጥ ሰምቶ፥ ጭሱን አይቶ፥ «ይህችን ትልም ልጨርስ» ብሎ ቀጥሎ ከሆነ፥ የራሱ ድርሻ አለበት። ነገር ግን ዘይት እንዴት እንደሚለካ ያሳየው ሰው ከሌለ፥ ክፍያውም ባረሰው ልክ ሆኖ መቆም የሚያስርበው ከሆነ፥ ያ ድርሻ ከባለቤቶቹ ጋር ይካፈላል። ከትርፉ የተካፈለ ከኪሳራውም ሊካፈል ይገባዋልና።

ሰውን መውቀስ ሞተር ከመክፈት ይቀልላል። እጅን አያቆሽሽም፤ ወጪም የለውም። ሆኖም ወጣቱ ተባሮ የተደፈነው ማጣሪያ በቦታው ከቀረ፥ የሚቀጥለውም ሞተር በሚቀጥለው ሠራተኛ እጅ ላይ ይደርቃል። የተሳሳተ ፍርድ የተፈረደበትን ብቻ ሳይሆን ፈራጁንም ይጎዳል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፥ በቤታችንም ሆነ በማኅበራችን አንድ ነገር ሲሰበር «በማን እጅ ላይ?» ብለን ከመጮኻችን በፊት «ከመቼ ጀምሮ?» ብለን እንጠይቅ። ምናልባት መልሱ የእኛን ስም ይጠራ ይሆናል፤ ቢሆንም እንጠይቅ።